ድንጋዩ ጠባቂ አለው፤ ዛፉስ?

ሄትሊስሄይዲ፣ አይስላንድ

ድንጋዩን ስቀበል ከገመትኩት በላይ ከበደኝ። ከመሬት በታች በመቶዎች ከሚቆጠር ሜትር ጥልቀት በመሰርሰሪያ ተቆርጦ የወጣ ጥቁር ባዛልት ነው። ገጹ እንደ እንጀራ ዐይን የተበሳሳ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግን ባዶ አይደሉም፣ ነጭ ማዕድን ሞልቷቸዋል። አስጎብኚያችን ነጩን በጥፍሯ ጫፍ እየነካች፣ «ይሄ ካልሳይት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋዝ ነበር» አለች። ሌሎች ጎብኚዎች ተራቸውን ይጠብቁ ስለነበር ጠግቤ ሳላየው አሳለፍኩት።

ቦታው ከዋና ከተማው ከሬይክያቪክ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ይርቃል። ሄንጊል የሚባል እሳተ ገሞራ ግርጌ ላይ ትልቅ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ተሠርቷል፤ ከ300 ሜጋ ዋት በላይ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ለከተማው ቤቶች ማሞቂያ የሚሆን ሙቅ ውሃም ይልካል። ከመኪና ስንወርድ የተቀበለን የድኝ ሽታ ነው። ፍልውሃ ያለበት አገር ያደገ ሰው ሽታውን ወዲያው ያውቀዋል። ይህች አገር ልክ እንደኛው የስምጥ ሸለቆ ምድሯ ከሁለት የሚሰነጠቅበት መስመር ላይ ናት፤ የእንፋሎት ኃይል ባለሙያዎቻችንም ከኬንያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እዚህ መጥተው ሲሠለጥኑ ኖረዋል። የሥልጠናው ፕሮግራም የተጀመረው በ1979 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ካርብፊክስ የሚባለው ሥራ የተጀመረው በ2007 ነው፤ የአይስላንድ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኃይል ማመንጫው ባለቤት ጋር ተባብረው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ያሟሙትና ወደ ባዛልቱ ያስገቡታል። ውሃው አሲድነት ስላለው ከድንጋዩ ውስጥ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ብረት ያሟሟል፤ እነዚህ ከካርቦኑ ጋር ተዋህደው ይጠጥራሉ። ይህ እንዲሆን መቶ ወይም ሺህ ዓመታት ይፈጃል ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል። በ2012 ያስገቡትን ጋዝ ተከታትለው በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ውጤት ግን፣ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከመቶ 95ቱ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ዋጋው ውሃ ነው፤ ለአንድ ቶን ጋዝ 25 ቶን ያህል ውሃ ይሄዳል።

ከማመንጫው አጠገብ ደግሞ አየሩን በቀጥታ የሚያጣሩት ማሽኖች ቆመዋል። ክላይምዎርክስ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ኦርካ የተሰኘውን ጣቢያ በመስከረም 2021 ሥራ አስጀመረ፤ በዓመት 4,000 ቶን ሊሰበስብ የታቀደ ነው። በግንቦት 2024 ለ36,000 ቶን የታቀደው ማሞዝ ተከተለ። ማራገቢያዎቹ አየር ይስባሉ፣ ማጣሪያው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዛል፣ ሲሞላ ሳጥኑ ተዘግቶ ወደ 100 ዲግሪ ይሞቃል፣ ያኔ ጋዙ ይለቀቅና ወደ ካርብፊክስ ጉድጓድ ይሄዳል። ከዐሥር ሺህ የአየር ሞለኪውል አራት ያህሉን ብቻ ለይቶ መልቀም ስለሆነ ብዙ ኃይል ይበላል። ዕቅዱና ተግባሩም ገና አልተገናኙም። ሄይሚልዲን የተባለው የአገሩ ጋዜጣ በግንቦት 2025 እንደዘገበው፣ ከ2021 ጀምሮ እዚህ የተሰበሰበው በጠቅላላው 2,400 ቶን ገደማ ነው። ሆኖም በሥራው ተስፋ አልቆረጥኩም። አዲስ ማሽን በጀመረበት ዓመት ያቀዱለትን ሁሉ አይሠራም፤ ምርምሩ መቀጠል አለበት። የማልቀበለው ገና ያልተሰበሰበውን ቶን እንደተሰበሰበ ቆጥሮ ልቀትን ለመቀጠል ፈቃድ ማድረጉን ነው።

ዓለም ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በ2024 የወጣው ጥናት እንዳሰላው፣ የሰው ልጅ ዛሬ ከአየር መልሶ የሚያወጣው በዓመት 2.2 ቢሊዮን ቶን ነው፤ ይህም ሁሉ ማለት ይቻላል በዛፍና በአፈር ነው። አዳዲሶቹ ዘዴዎች ሁሉ ተደምረው 1.3 ሚሊዮን ቶን ብቻ ናቸው። ልቀትን በፍጥነት ብንቀንስ እንኳ በ2050 በዓመት ከ7 እስከ 9 ቢሊዮን ቶን ማውጣት ሊያስፈልግ ነው። ይህን ሁሉ ማን ያወጣል? በማን መሬት? በማን ድካም? እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ ነው ከተራራው የወረድኩት።

መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት እዚያው በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በሃፍናርፍዮርዱር ነው። ካርብፊክስ ከአውሮፓ ፋብሪካዎች የተያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመርከብ አምጥቶ ከከተማዋ አጠገብ ሊቀብር አቅዶ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ መድቦለት ነበር። ነዋሪዎቹ ስለ ከርሰ ምድር ውሃቸውና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ጠየቁ፣ ጉድጓዶቹ ለቤታችን ቀረቡ ብለው ተቃወሙ፣ ፊርማ አሰባሰቡ። በ2025 ኩባንያው ዕቅዱን ከዚያ ቦታ አነሳ። ሳይንሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰው አልፈልግም አለ፣ ቃሉም ተሰማ። የወላይታ ወይም የባሌ ገበሬ እንዲህ አልፈልግም ቢል ማን ይሰማዋል ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ከሁሉም በላይ ቀልቤን የሳበው ግን ሕጉ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባወጣው፣ አይስላንድም በተቀበለችው መመሪያ መሠረት፣ ካርቦን ከመሬት በታች የሚቀብር ድርጅት ጉድጓዱን ዘግቶ መሄድ አይችልም። ከተዘጋ በኋላ በመርሕ ደረጃ ቢያንስ 20 ዓመት ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ከዚያ ወደ መንግሥት ሲያስተላልፍ ደግሞ ቢያንስ ለ30 ዓመት የሚሆን የመከታተያ ወጪ አስቀድሞ ይከፍላል። እንግዲህ ድንጋይ የሆነውን፣ የማይሸሸውን፣ እሳት የማይበላውን ካርቦን የሚጠብቅ ሰው በሕግ ደመወዝ ተቆርጦለታል ማለት ነው።

ወደ ሶዶ

የዛፉን ጠባቂ ፍለጋ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታዋ ሶዶ ወረድን። መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ አፋቸው በቅጠልና በጭራሮ ተጎንጉኖ የታሰረ። ሾፌራችን አንዱ ጋ ቆመና ዋጋ ተከራክሮ ጫነ። «አዲስ አበባ እጥፍ ነው» አለኝ። ሻጯ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ሕፃን አዝላለች። ከየት እንደሚመጣ ስጠይቃት በአገጯ ወደ ተራራው አመለከተችኝ። ስለ ደን የሚጻፍ ፖሊሲ ሁሉ ይህችን ሴት ማግኘት አለበት። ከሰሉን ብትተው በምትኩ ምን እንደምትሸጥ ያልመለሰ ዕቅድ ተራራው ላይ ሁለት ክረምት አይቆይም።

ወላይታ ሲገባ አፈሩ ይቀላል። ከየቤቱ ጓሮ እንሰት ቆሟል፣ ከፊት በቆሎና ስኳር ድንች። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ መሬቱ ጠባብ፤ ከግማሽ ሄክታር በማትበልጥ ማሳ የሚተዳደር ቤተሰብ ሞልቷል። በ2022 የተካሄደ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት መንግሥታት በመሬት ላይ ካርቦን ለመያዝ የገቡትን ቃል ሁሉ ደምሮ 1.2 ቢሊዮን ሄክታር ገደማ ያስፈልጋል ብሏል። እዚህ መንገድ ላይ ሆኖ ለሚያስበው ሰው ያ ሁሉ መሬት ባዶ ሆኖ የሚጠብቅበት ቦታ አይታየውም።

ሁምቦ

ከሶዶ በአርባ ምንጭ መንገድ ትንሽ እንደተጓዙ ጠበላ ናት፤ የሁምቦ ወረዳ ከተማ። ከከተማዋ ጀርባ ተራራው አለ። አሁን አረንጓዴ ነው፤ ከታች ሲያዩት ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ አፈሩን አያሳይም። ደኑን ከሚያስተዳድሩት ማኅበራት የአንዱ ሰብሳቢ የነበሩ አዛውንት ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ይወጣሉ፤ እኔ ከኋላ አለከልካለሁ።

«አባባ፣ ድሮስ እንዲህ ነበር?» አልኳቸው።

«ልጅ ሳለሁ ደን ነበር። ከዚያ አለቀ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ይሄ ሁሉ ራቁቱን ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ድንጋዩን ይዞብን ይወርዳል። እኛው ነን የጨረስነው፤ ከሰል አክስለን፣ ማገዶ ሸጠን። ምን እንብላ?»

እዚህ የሆነውን በአጭሩ ልጻፍ። ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ በ1980ዎቹ ኒጀር ውስጥ አንድ ነገር አስተዋለ፤ በረሃ በመሰለው ማሳ ላይ ቁጥቋጦ መስሎ የሚታየው ነገር የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ ነው፣ ሥሩ አልሞተም። ችግኝ ከማፍላት ይልቅ ያንን ጉቶ መንከባከብ ይቻላል። ወርልድ ቪዥን ይህን ዘዴ ወደ ሁምቦ አመጣው። ተራራው ከ2006 ጀምሮ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ፤ 2,728 ሄክታር፣ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥር። በ2009 መጨረሻ የተያዘ ካርቦን ለመሸጥ በሚያስችለው በኪዮቶ ስምምነት የንጹህ ልማት ሥልት ውስጥ ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ። በ30 ዓመት ከ880,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተሰላ።

ሰው ወዲያው አልተቀበለውም። «መሬታችንን ሊቀሙን ነው አልን» አሉ አዛውንቱ። «ነጭ መጥቶ ለዛፍ ልክፈላችሁ ሲል ማን ያምናል? የማኅበሩ ወረቀት፣ ደኑ የእናንተ ነው የሚለው፣ እጃችን ከገባ በኋላ ነው ልባችን የረጋው።»

ደኑ ውስጥ ገብተን አንድ ጉቶ አጠገብ ተቀመጥን። ጉቶው እንደ ድሮው አለ፤ የመጥረቢያው ጠባሳ ጠቁሮ አሁንም ይታያል። ከጎኑ ሁለት ግንዶች ወጥተዋል፣ አንዱ ከጭኔ ይወፍራል። መጀመሪያ ስምንት ዘጠኝ ቀንበጥ ነው የሚያቆጠቁጠው፤ ቢተዉት ሁሉም እየተሻማ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት መርጠው ሌላውን ከሥሩ ይቆርጣሉ፤ የቀሩትንም የጎን ቅርንጫፍ እስከ ቁመታቸው ግማሽ ይመለምላሉ። የተቆረጠው ለቤት ማገዶ ይሆናል። ሥሩ የድሮ ስለሆነ፣ ውሃውን ከጥልቅ ስለሚያገኝ፣ አዲስ የተተከለ ችግኝ በሚደርቅበት ዓመት እንኳ ይሄ ያድጋል። አዛውንቱ ገጀራቸውን አውጥተው አጠገባችን ከነበረ ብሳና ላይ አንዲት ቀጭን ቀንበጥ በሰያፍ ቆረጡና፣ «ውሃ እንዳይተኛበት እንዲህ ነው» አሉ።

አብሮን የወጣው ወጣት ደግሞ ሊለካ ነው የመጣው። ሜትሩን ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍ አድርጎ ግንዱን ይጠመጥማል፣ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ከውፍረቱ የዛፉ ደረቅ ክብደት ይገመታል፤ ከደረቁ ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ካርቦን ነው፤ ያ በ3.67 ሲባዛ ከአየር የተነሳው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ደረቅ ክብደቱ 100 ኪሎ የሆነ ዛፍ 172 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይዟል ማለት ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ወጣቱ ግን አንዲት ዛፍ አይዘልም። በዓለም ገበያ ላይ ካርቦን የሚሸጡ ብዙ ፕሮጀክቶች የተወቀሱት ሳይለኩ ስለገመቱ፣ ወይም ያለ እነሱም ይቆም የነበረን ደን እኛ አዳንነው ስላሉ ነው። እዚህ ግን ራቁት የነበረ ተራራ ነው፤ ጠባሳው ጉቶው ላይ አለ።

እዚያው ተቀምጬ አሰላሁ። 880,000 ቶን ለ30 ዓመት ሲካፈል በዓመት 29,000 ቶን ገደማ ነው። ማሞዝ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በዓመት ሊያወጣ የታሰበው 36,000 ነው። ይህ የሁምቦ ተራራ፣ በገጀራና በዘበኛ፣ ከዓለም ትልልቅ የአየር ማጣሪያዎች አንዱ ሊሠራ ወደታቀደው ይጠጋል።

ክፍያውስ? የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ፤ በጠቅላላው ከ700,000 ዶላር በላይ፣ በቶን ከ4 እስከ 5 ዶላር መሆኑ ነው። ማኅበራቱ በገንዘቡ ወፍጮ ቤትና የእህል መጋዘን ሠርተውበታል። በአንጻሩ የአሜሪካ ሕግ በ2022 በማሽን ከአየር ተወስዶ ለሚቀበር ለአንድ ቶን እስከ 180 ዶላር የታክስ ቅናሽ ፈቅዷል። ልዩነቱ ምክንያት የለውም አልልም። ድንጋዩ ለሺህ ዓመታት ይቆያል፤ ዛፉን እሳት ወይም መጥረቢያ በአንድ ቀን ያጠፋዋል። በዚህ ፍርሃት የተነሳ በኪዮቶ ሥርዓት ለደን የሚሰጠው ክሬዲት ጊዜያዊ ብቻ ነበር፤ ቀኑ ሲያልፍ ገዢው በሌላ መተካት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ገበያ ደግሞ የደን ክሬዲትን ጭራሽ አልተቀበለም። ትልቁ ገበያ ሲዘጋ ዋጋው ወደቀ።

እኔን የማያሳምነኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ዛፉ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ዋጋው ከተቀነሰ፣ ጊዜያዊ እንዳይሆን የሚያደርገው ጠባቂው ነው። ለዚያ ጠባቂ ግን የሚከፍለው ማን ነው? የተያዘው ቶን አንድ ጊዜ ተቆጥሮ አንድ ጊዜ ይከፈልበታል። ከዚያ በኋላ ላለው ሌሊት ሁሉ፣ ከሰል አክሳይ ሲመጣ ለሚነቃው ሰው፣ በጋ ላይ እሳት መከላከያ ለሚመነጥረው፣ ውሉ ውስጥ ቦታ የለም። አይስላንድ ላይ የማይንቀሳቀሰውን ድንጋይ ለመከታተል በሕግ ገንዘብ ይቀመጣል። ለዛፉ የሚቀመጥ ከሌለ ጊዜያዊነቱ የዛፉ ጠባይ ብቻ አይደለም፣ የውሉም ነው። ከ2006 የሚቆጠረው 30 ዓመት በ2036 ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሁምቦ ላይ የቆመው ካርቦን ለዓለም እንደሚያስፈልግ ማንም አይጠራጠርም። ደግሞም እነዚህ ሰዎች የሚያጸዱት ሌላው ያቆሸሸውን አየር ነው፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ከነዳጅ የሚወጣው ካርቦን በዓመት ግማሽ ቶን እንኳ አይሞላም።

ይህንና ለጠባቂው በየዓመቱ ሊከፈለው እንደሚገባ ለወጣቱ ስነግረው ሜትሩን እየጠቀለለ አዳመጠኝ።

«ጋሼ፣ በየዓመቱ ይከፈል ማለት ጥሩ ነው» አለ። «ግን ግማሹ ቢቃጠልስ? የበላነውን መልሱ ሊሉን ነው?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሌሎች የካርቦን ገበያዎች ከሚሸጠው የተወሰነው ሳይሸጥ በጋራ መጠባበቂያ ይቀመጣል፤ አንድ ደን ሲቃጠል ከዚያ ይተካል። ነገር ግን በ2022 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለ100 ዓመት ለእሳት የተያዘው መጠባበቂያ ከዐሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው አልቋል። መጠባበቂያው የተሰፈረው የአየር ንብረቱ እንደ ድሮው ይቀጥላል ተብሎ ነው። ስለዚህ ለወላይታ ቁልቁለት ምን ያህል ያስፈልጋል የሚለውን የሶዶና የሐዋሳ ተመራማሪዎች እዚሁ ለክተው ማውጣት ይኖርባቸዋል፤ ከካሊፎርኒያ የተቀዳ ቁጥር አይሠራም። መጠባበቂያውን የሚሞላውም ገበሬው ሳይሆን ገዢው መሆን አለበት። ገዢው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ላይኖር ስለሚችል ገንዘቡ ቀድሞ፣ እንደ አይስላንዱ፣ በሕግ ይያዝ። ወጣቱ «እሱስ ከሆነ ይሁን» አለ፤ ሙሉ በሙሉ ግን የተስማማ አልመሰለኝም። እሱ የሚፈልገው ደኑ ከካርቦን ውጭም በራሱ የሚያበላ እንዲሆን ነው፤ ማር፣ ሣር፣ ማገዶ። በአንድ ገቢ የተንጠለጠለ ነገር ይወድቃል ባይ ነው። በዚህም እውነት አለው።

ከተራራው ላይ የዓባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ይታያል። ወርደን የማኅበሩ ግቢ ስንደርስ አባላቱ ዋርካ ሥር ተሰብስበዋል። ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ዳጣ ቀርቦ እየበላን ስብሰባው ቀጠለ። የመጀመሪያው አጀንዳ የሣር ማጨጃው ቀን ነበር፤ ቶሎ አለቀ። ሁለተኛው የደን ጠባቂዎቹ ደመወዝ ነው። ገንዘብ ያዡ ያለውን ሒሳብ ከመዝገብ አነበበ፤ ብዙ አይደለም። አንዲት እናት ተነሥተው በወላይትኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ ወጣቱ ተረጎመልኝ። ባላቸው ከጠባቂዎቹ አንዱ ናቸው፤ የሚከፈላቸው ለበቆሎ እንኳ አይበቃም፤ ጠባቂው ከተራበ መጀመሪያ መጥረቢያ የሚያነሳው እሱ ነው። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ ገንዘብ ያዡ ከየት ይምጣ አለ። ክርክሩ ተራዘመ። በመጨረሻ እጅ ወጣ፤ ለጠባቂዎቹ እንዲጨመር፣ ጭማሪውም ከወፍጮ ቤቱ ገቢ እንዲወጣ ተወሰነ። ገንዘብ ያዡም ቁጥሩን መዝገቡ ላይ አሰፈረና ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንደሚከፈል ተናገረ።